ለአንዲት ልጅ የተሠራ ዘፈን፦ የቼናዩ አባትና ከስልኩ ፊት የተቀመጡት ልጆች

ድክ ድክ የሚል ልጅ ያለበት ቤት ብዙው ቹቹ ቲቪ የተባለውን የዩቲዩብ የልጆች ቻናል ያውቀዋል። ስሙን ባያውቀው እንኳ ዘፈኖቹን ሰምቷል። ጭንቅላታቸው ከሰውነታቸው የሚገዝፍ፣ ዓይናቸው ትልልቅ የሆነ የካርቱን ልጆች ይጨፍራሉ። ቀለሙ ደማቅ ነው። አንዱ ዜማ ሲያልቅ ሌላው ወዲያው ይተካል። አዲስ አበባ ላይ ሞግዚቷ ምሳ ልታበላ ስትል ይከፈታል። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ እናት ወጡን እስክታማስል ይከፈታል። ብዙ ወላጅ የአሜሪካ ወይም የእንግሊዝ ሥራ ይመስለዋል፤ ቋንቋው እንግሊዝኛ ስለሆነ አይፈረድበትም። ሥራው የተወለደው ግን ደቡብ ሕንድ ውስጥ፣ ቼናይ ከተማ ነው። የጀመረው አንድ ታሚል አባት ነው፤ የጀመረውም ትንሽ ልጁን ለማስደሰት ነው።

ይህን ጉዳይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ማየት ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። ስለ ልጆችና ስለ ስልክ ስናወራ ወይ እንረግማለን፣ ወይ "ምን ይደረግ" ብለን እንተወዋለን። እዚህ ግን ነገሩን ማን እንደጀመረው፣ እንዴት እንደጀመረውና የት እንደደረሰ ይታወቃል። አባትና ልጅ አለበት፣ ቋንቋ አለበት፣ ገንዘብም አለበት። ከሁሉ በላይ እኔን የያዘኝ አንድ ነገር ነው። መጀመሪያ ላይ በቪዲዮውና በልጅቷ መካከል አባት ነበረ። ቪዲዮው ዓለምን ሲዞር አባትየው አብሮ አልሄደም።

የሙዚቃ ቤት ልጅ

አባትየው ቪኖት ቻንዳር ይባላል። ያደገው ሙዚቃ ቤት ውስጥ ነው። የእሱ አባት ቻንድራቦስ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ለታሚል ፊልሞች ዜማ በመድረስ ስም ያተረፈ ሰው ነበር፤ በ2010 አረፈ። ቼናይ ባለችበት በታሚሎች ክልል፣ በታሚል ናዱ ውስጥ፣ የፊልም ዜማ ማለት ትልቅ ነገር ነው። በአውቶቡስ፣ በሻይ ቤት፣ በሠርግ፣ በቤተ መቅደስ በዓል ሳይቀር ይሰማል። ሕፃናትም እናታቸው ከምታንጎራጉረው ጋር አብረው የሚሰሙት እሱን ነው።

ቪኖት ራሱ ከጓደኞቹ ጋር የኮምፒውተር አገልግሎት ሥራ ይሠራ ነበር። ዩቲዩብን ያውቀዋል፤ የሂንዱ መዝሙሮችና የአባቱን አንዳንድ ቪዲዮዎች ይጭንበት ነበር። ሴት ልጅ ሲወልድ ቤት ውስጥ ቹቹ እያሉ ጠሯት። እኛም ሰፈር ቹቹ የምትባል ልጅ አትጠፋም። አባትየው ያኔ ብዙ ሰው ይጠቀምበት በነበረው ፍላሽ በተባለ የአኒሜሽን ፕሮግራም ልጁን የምትመስል ካርቱን ሣለ። ካርቱኗን "ቹቢ ቺክስ" በሚባለው የሕፃናት ግጥም አስጨፈራት። ከዚያም ለልጁ አሳያት።

ልጅቷ ወደደችው። ድገምልኝ አለች። ደገመላት። አሁንም ድገምልኝ አለች። ትንሽ ልጅ ያለው ሰው ይህን ያውቀዋል። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ አንድን ተረት መቶ ጊዜ ቢሰማ አይሰለቸውም። ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ማወቁ ራሱ ደስታው ነው፤ ቃሉ ከመምጣቱ በፊት አፉን ይከፍታል፣ ሲመጣ ይስቃል። አዲስ ነገር የሚያሳድደው አዋቂው ነው።

ቪኖት ከዚህ ተነስቶ፣ የእኔ ልጅ ከወደደችው የሌላውም ልጅ ይወደዋል ብሎ አሰበ። እ.ኤ.አ. በ2013 ቻናሉን ከፍቶ ቪዲዮውን ጫነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ 300 ሺህ ጊዜ ታየ። ሁለተኛው ቪዲዮ ሁላችንም የምናውቀው የኮከቧ ዘፈን ነበር፤ እሱም ተወደደ። ሁለት ቪዲዮ ብቻ ይዞ 5 ሺህ ተከታይ አገኘ። ከዩቲዩብም ሰዎች ፈልገው አነጋገሩት። ከዚያ ጓደኞቹን ሰብስቦ ሠዓሊዎች ቀጠረና ሥራው ኩባንያ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2018 ቼናይ ያለው ቢሯቸው ወደ 200 ሰው ይሠራበት ነበር፤ በሁሉም ቻናሎቻቸው ላይ ያሉት ቪዲዮዎች የታዩበት ቁጥር ደግሞ ከ19 ቢሊዮን አልፎ ነበር።

ይህን ቁጥር ሳነብ ቆም ብዬ አሰብኩ። አንድ ሰው ለልጁ የሠራው ነገር በአምስት ዓመት ውስጥ የምድርን ሕዝብ ከእጥፍ በላይ በሚበልጥ ቁጥር ታየ። ልጆቹ ግን ያን ያህል አይደሉም። ልክ እንደ ቹቹ ድገሙልኝ የሚሉ ልጆች ናቸው ቁጥሩን የሠሩት።

ሰማያዊ ዓይን

የመጀመሪያው ግጥም ምን እንደሚል ማየት ያስፈልጋል። ስለ አንዲት ቆንጆ ልጅ ነው። ጉንጯ ሞላ ያለ፣ አገጯ የተሰረጎደ፣ ፀጉሯ የተጠቀለለ፣ መልኳ በጣም ነጭ፣ ዓይኗ ሰማያዊ። የአስተማሪዋ ውድ ይህቺ ናት ይላል። ሕንድ ውስጥ መዋዕለ ሕፃናት የገባ ልጅ ሁሉ ማለት ይቻላል ይህን ሲል ያድጋል። ሰማያዊ ዓይን ያለው ልጅ ግን በክፍሉ ውስጥ የለም።

ቼናይ ማለት ፀሐይ የበዛባት የባሕር ዳርቻ ከተማ ናት። ሰዎቿ ጠይምና ጥቁር ናቸው። ዓይናቸው ጥቁር ነው፣ የሚያምር ጥቁር። ይሁን እንጂ ሕንድ ውስጥ ነጣ ያለ መልክ መወደዱ የቆየ ሕመም ነው። ፌር ኤንድ ላቭሊ የተባለው ማንጫ ቅባት እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ ሲሸጥ ኖሮ ስሙን የቀየረው በ2020 ነው። የሁለት ዓመት ልጅ እንዲህ ያለውን ነገር መጀመሪያ የምትማረው ከማስታወቂያ አይደለም። እየጨፈረች ከምትለው ግጥም ነው። ክፉ አስቦ ያስተማራት ሰው የለም፤ አስተማሪዋም ወላጆቿም ያንኑ ሲሉ ነው ያደጉት። ለዚህ ነው የልጅ ዘፈን ቀላል ነገር ነው የሚለውን ሰው የማልቀበለው።

ታሚሎች በቋንቋቸው የማይደራደሩ ሕዝብ ሆነው ሳለ ልጆቻቸው በእንግሊዝኛ ግጥም ማደጋቸው ግራ ያጋባል። እ.ኤ.አ. በ1965 ሕንድ ሂንዲን ብቸኛ የመንግሥት ቋንቋ ልታደርግ ስትል ታሚል ናዱ በተማሪዎች ተቃውሞ ተናጠች፤ ሰዎችም ሞቱ። ከሁለት ዓመት በኋላ ይህን ተቃውሞ የደገፈው ፓርቲ ምርጫ አሸነፈ። በ1968 ደግሞ ክልሉ በትምህርት ቤቶቹ ሁለት ቋንቋ ብቻ እንዲሰጥ ወሰነ፦ ታሚልና እንግሊዝኛ። ያ ፖሊሲ እስከ ዛሬ ያከራክራል። ለታሚሎች እንግሊዝኛ ከሂንዲ የሚከላከል ጋሻ ነበር። ኋላ የኮምፒውተር ኩባንያዎች ቼናይ ላይ ሲከማቹ እንጀራም ሆነ። ስለዚህ መካከለኛ ገቢ ያለው ታሚል ወላጅ ልጁን ገና ሦስት ዓመት ሳይሞላው በእንግሊዝኛ የሚያስተምር መዋዕለ ሕፃናት ያስገባል። እንግዳ ሲመጣ ልጁን መሀል ያቆምና "እስቲ ግጥሙን በልላቸው" ይለዋል።

ይህ ለእኛ ምን ይነግረናል? ቦሌም ሆነ ሀዋሳ ያለ ወላጅ ይህን ሲያነብ ሳቅ ይለው ይሆናል። የግል ኬጂ ክፍያ ተከፍሎ፣ ዓመቱ መጨረሻ ላይ ልጆቹ ተሰልፈው በእንግሊዝኛ ሲዘምሩ አዳራሹ በስልክ ካሜራ ይሞላል። እኛ ቅኝ አልተገዛንም እንላለን። የልጆቻችን መዝሙር ግን ማድራስ ላይ (የቼናይ የድሮ ስሟ ነው) እንግሊዞች ትተውት ከሄዱት ጋር አንድ ነው።

ጨረቃና የሩዝ ጉርሻ

ቪዲዮው ከመምጣቱ በፊት ታሚል ቤት ውስጥ ድክ ድክ የሚል ልጅ እንዴት ይውል ነበር? ብዙ ቤት አሁንም እንዲሁ ይውላል። ይህ የጉዳዩ ዋና ክፍል ስለሆነ ረጋ ብዬ ልናገር።

ሕፃኑ የሚተኛው ከጣሪያ መንጠቆ ላይ በተንጠለጠለ የእናቱ ሳሪ ውስጥ ነው። ጨርቁ በመታጠብ ብዛት ለስልሷል፤ የእናቱ ጠረን አለበት። ዙሪያውን ስለሚያቅፈው ልጁ በውስጡ ይጠፋል። አያት አጠገቡ ቁጭ ብላ በእጇ እየገፋች "አራሮ አሪራሮ" ትላለች። እኛ እሹሩሩ እንደምንለው ነው። በእሹሩሩው ውስጥ የአጎት ስጦታ ይነሳል፣ የአክስት ደግነት ይነሳል፣ ማን አስለቀሰህ ይባላል። ልጁ ቃሉ ባይገባውም ዘመዶቹን በዜማ ይሰማቸዋል።

ጉንጩ ላይ ወይም ግንባሩ ላይ ትልቅ ጥቁር ነጥብ በዓይን ኩል ይደረግለታል፤ ዓይን እንዳይበላው። ሆን ተብሎ መልኩ ይበላሻል፣ ሰው "እንዴት ያምራል" እንዳይል። ወገቡ ላይ ጥቁር ክር ይታሰራል። ልጁ ድንገት ማልቀስ ቢያበዛ አያቱ ጨውና በርበሬ በእጇ ይዛ ዙሪያውን አዙራ እሳት ውስጥ ትጨምራለች። ለእኛ አገር ሰው ይህ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ማተብ ያሰርንለት፣ አላፊ አግዳሚ ሲያደንቀው "እትፍ እትፍ በሉት" ያልንለት ልጅ አለን።

ከዚያ የጆሮ መበሳት አለ። ልጁ ገና በጨቅላነቱ ወይም ድክ ድክ ሲል ወደ ቤተሰቡ አምላክ መቅደስ ይወሰዳል። ብዙዎች ወደ ፓላኒ ተራራ ይሄዳሉ። ፀጉሩ ተላጭቶ ለአምላክ ይሰጣል፤ የተላጨው ጭንቅላት በሰንደል እንጨት ቅባት ቢጫ ይሆናል። ጆሮው ሲበሳ ልጁ የሚቀመጠው በእናቱ ወንድም ጭን ላይ ነው። አጎቱ ከሌለ ሥርዓቱ ይጎድላል። ልጁ ይጮሃል፣ አጎትየው ጥብቅ አድርጎ ይይዘዋል፣ ዘመድ ሁሉ ጣፋጭ ይዞ ያባብለዋል። ታሚሎች ልጅ የአባትና የእናት ብቻ እንዳልሆነ የሚያሳዩት በዚህ ነው፤ ተናግረው ሳይሆን ልጁን እዚያ ጭን ላይ አስቀምጠው።

ምግቡ ደግሞ ሩዝ ነው፤ ከምስር ጋር ተፈጭቶ፣ በቅቤ ለስልሶ። ጠዋት የዳጉሳ አጥሚት ይሰጠዋል። ዳጉሳ ከኢትዮጵያና ከአካባቢዋ ደጋ አገሮች ተነስቶ ከሺህ ዓመታት በፊት ወደ ሕንድ የተሻገረ እህል ነው። ዛሬ ታሚል ናዱ ውስጥ እናቶች ለልጅ አጥንት ብርታት ብለው ያምኑበታል። እኛ ዘንድ የድሃ እህል ተብሎ ወደ ጎን ሲገፋ፣ እነሱ ለሕፃን የመጀመሪያ ምግብ ያደርጉታል። ይህ እኔን ያስቆጨኛል።

ማታ ማታ ልጁ አልበላም ካለ እናት ወይም አባት አዝሎት ወደ ጣሪያው ሰገነት ወይም ወደ በረንዳው ይወጣል። ጨረቃዋን ያሳየዋል። "ጨረቃ፣ ጨረቃ፣ ሮጠሽ ነይ" ይላታል። ልጁ አንጋጦ ሲያይ አፉ ይከፈታል፤ ጉርሻው ይገባል። አንድ ለጨረቃ፣ አንድ ለቁራው፣ አንድ ለአጎትህ እየተባለ ሳህኑ ያልቃል። ደመና የሆነ ማታ ቁራው ወይም የጎረቤት ድመት ይተካል። የእኛ "ጨረቃ ድንቡል ቦቃ" የዚህ እህት ናት።

እንግዲህ ስልኩ የገባው እዚህ ቦታ ላይ ነው። ከጨረቃዋ ቦታ። ቼናይ ላይ አሁን ብዙ ቤት አፓርታማ ነው፤ ሰገነቱ የተቆለፈ ነው፣ አያቶች ሌላ ከተማ ናቸው፣ አባትም እናትም ሥራ ውለው ይመጣሉ። ልጁ አልበላም ይላል። ስልኩ ይከፈታል። አፉም ይከፈታል። ሥራው አንድ ይመስላል፣ ውጤቱም አንድ ይመስላል፤ ሳህኑ ያልቃል። ልዩነቱ ልጁ ማንን እያየ እንደሚበላ ነው። ጨረቃዋን የሚያሳየው ሰው የልጁን ፊት እያየ ነው የሚያጎርሰው። ጠገበ ወይስ አልጠገበም የሚለውን ከፊቱ ያነባል። ስልክ ፊት ለፊት የተቀመጠ ልጅ ግን መጥገቡን ራሱም ልብ አይልም።

አባት የሌለበት ቪዲዮ

ጥያቄዬ እዚህ ላይ ነው። ቪኖት ቻንዳር ለልጁ ያደረገው ምን ነበር? ፊቷን ሣለ። ዘፈኗን መረጠ። አጠገቧ ቁጭ ብሎ ዓይኗን አየ። ድገምልኝ ስትለው የደገመላት እሱ ነው። ልጅቷ የሳቀችው ለካርቱኗ ብቻ አልነበረም፤ ካርቱኗን ለሠራላት አባቷም ጭምር ይመስለኛል። ይህ ከጨረቃዋ ጋር አንድ ነው። አንድ ትልቅ ሰው ወደ አንድ ነገር እየጠቆመ፣ ልጁም እያየ፣ በመካከላቸው ወሬ እየሄደ።

ይህን ስል ከራሴ አልፈጠርኩትም። እ.ኤ.አ. በ2003 ሲያትል ላይ ፓትሪሺያ ኩል የምትባል ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር የሠራችው ጥናት አለ። ዘጠኝ ወር የሞላቸው አሜሪካውያን ሕፃናት ለ12 ጊዜ ያህል የቻይንኛ ተናጋሪ አጠገባቸው ቁጭ ብሎ መጽሐፍ አነበበላቸው፣ አጫወታቸው። ሌሎች ሕፃናት ያንኑ ሰው ያንኑ ሲል በቪዲዮ አዩት። በአካል ያገኙት ሕፃናት የቻይንኛውን ድምፅ መለየት ቻሉ። በቪዲዮ ያዩት ምንም አልተማሩም። ቃሉ አንድ ነው፣ ሰውዬው አንድ ነው። የጎደለው መልስ የሚሰጥ ፊት ነው።

የሕፃናት ሐኪሞችም ከዚህ የተለየ አይናገሩም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው መመሪያ ከሁለት ዓመት በታች ላሉ ልጆች ስክሪን አይመክርም፤ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላሉት ደግሞ ከአንድ ሰዓት አይብለጥ፣ ቢያንስ ይሻላል ይላል። የሕንድ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበርም ተመሳሳይ ምክር ሰጥቷል። የአሜሪካዎቹ አንድ ነገር ይጨምራሉ፤ በቪዲዮ ጥሪ ማውራት ከዚህ ክልከላ ውጭ ነው። አያት ከጎንደር ስትደውል ልጁን አትከልክሉ ማለት ነው። አያት ትመልሳለች። ልጁ ሲስቅ ትስቃለች።

አባትየውን ግን አልወቅስም። እንዲያውም ካየኋቸው የልጆች ቪዲዮ ሠሪዎች ውስጥ ለልጅ ከሚያስቡት ጎን ይቆማል። የድሮ ግጥሞች ውስጥ ልጅን የሚያስከፋ ነገር ሲያገኝ ተጨማሪ ስንኝ ይጽፍላቸዋል። ኮረብታ ወጥተው የሚወድቁት ሁለት ልጆች በዱሮው ግጥም ወድቀው ይቀራሉ፤ በእሱ ግን ወድቀው አይቀሩም። ካርቱኖቹ ልጆች የተለያየ መልክ አላቸው። ይህ የአባት ሥራ ነው። ልጁ ስትሰማው ምን ይሰማታል ብሎ የሚጠይቅ ሰው ነው እንዲህ የሚያደርገው።

ችግሩ ያለው ቪዲዮውን በሚያደርሰው መንገድ ላይ ነው። ዩቲዩብ የሚከፍለው በማስታወቂያ ነው። ማስታወቂያ የሚበዛው ብዙ ሲታይ ነው። ልጅ ደግሞ ቁልፍ መንካት ሳያስፈልገው አንዱ ሲያልቅ ሌላው ይመጣለታል። ስለዚህ ሠሪዎች ሁሉ አጫጭር ዘፈኖችን እያያያዙ ከአንድ ሰዓት በላይ የሚሄድ ቪዲዮ ማውጣት ጀመሩ። ይህ ለወላጅ ይመቻል፣ ለኩባንያው ይመቻል፤ ለልጁ ግን "በቃ" የሚለው ሰው ይጠፋል። ቪኖት ለልጁ ሲደግምላት፣ እራት ሲደርስ ማጥፋቱ አይቀርም ነበር። ዩቲዩብ እራት አይደርስበትም።

የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በመስከረም 2019 ዩቲዩብ ከልጆች መረጃ ያለ ወላጅ ፈቃድ ሰብስቧል ብሎ ባለቤቱን ጎግልን 170 ሚሊዮን ዶላር አስከፍሎታል። ከጥር 2020 ጀምሮም ለልጆች በተሠሩ ቪዲዮዎች ላይ ልጁን ተከታትሎ የሚመጣ ማስታወቂያ ቀረ፣ አስተያየት መስጫውም ተዘጋ። ይህ ጥሩ ነው። ግን የመረጃ ጉዳይ ነው የተፈታው። ማን አጠገቡ ተቀመጠ የሚለውን ፍርድ ቤት አይፈታውም።

አማርኛ የሚሰማ ልጅ

ቹቹ ቲቪ ኋላ ላይ በታሚልኛም ቻናል ከፍቷል። ይህ ለእኔ የጉዳዩ ትልቅ መታጠፊያ ነው። መጀመሪያ ለዓለም በእንግሊዝኛ ተሠራ፣ ከዚያ ወደ ቤት ተመለሰ። ዛሬ ሲንጋፖር ወይም ቶሮንቶ ያለ ታሚል ልጅ በአባቱ ቋንቋ ስለ ጨረቃዋ ይሰማል። ሲንጋፖር ውስጥ ታሚልኛ ከአራቱ የመንግሥት ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ ትምህርት ቤትም ይሰጣል። ቢሆንም ቤት ውስጥ የሚነገርበት መጠን በየቆጠራው እየቀነሰ ነው። ቪዲዮው ሊያግዝ ይችላል። ወላጁ ካልመለሰለት ግን ልጁ ዘፈኑን ይሸመድደዋል እንጂ በቋንቋው አያወራም።

ዋሽንግተን፣ ቴል አቪቭ ወይም ስቶክሆልም ልጅ የሚያሳድግ የእኛ ሰው ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል። ልጁ አማርኛ ይሰማል፣ በሌላ ቋንቋ ይመልሳል። ብዙ ወላጅ "የአማርኛ ካርቱን ባገኝ ኖሮ" ይላል። ካርቱኑ አለ። ብሩክታዊት ጥጋቡ የተባለች አስተማሪ ከባለቤቷ ጋር ቤታቸው ውስጥ በአሻንጉሊት የጀመሩት "ፀሐይ መማር ትወዳለች" አገር ውስጥ ተወዶ ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝቷል። ከዚያ በፊት ደግሞ አባባ ተስፋዬ ነበሩ። ቴሌቪዥን አገራችን ከገባበት ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ለ42 ዓመታት ተረት ነግረውናል።

አባባ ተስፋዬን ያነሳሁት ናፍቆት ይዞኝ አይደለም። እሳቸው ስክሪን ላይ ነበሩ፤ ስለዚህ ስክሪን ሁሉ መጥፎ ነው ብዬ መከራከር አልችልም። ግን እንዴት እናያቸው እንደነበር እናስታውስ። ቴሌቪዥን የነበረው ከጎረቤት አንዱ ቤት ነው። የሰፈር ልጅ ተሰብስቦ፣ ትልልቆቹ ከኋላ ቆመው፣ አብሮ ይታይ ነበር። ፕሮግራሙ ያልቅና ሌላ ሰዓት ድረስ አይመጣም። በማግስቱ ተረቱን እርስ በርስ እንነግር ነበር። ተመልሶ የሚያወራ ሰው በሽ በሽ ነበር። ዛሬ ልጁ ብቻውን ነው የሚያየው፤ ያየውን የሚነግረው ሰውም ሥራ ላይ ነው።

ስለዚህ ለአማርኛ የልጆች ቪዲዮ ሠሪዎች፣ ወጣቶቹ ብዙ እየሠሩ ስለሆነ፣ ከቼናይ የምወስድላቸው ትምህርት አለ። አንዳንዱ ሥራችን የእንግሊዝኛውን ካርቱን ወስዶ ድምፅ መቀየር ላይ ይቆማል። ቪኖት የጀመረው ከአንዲት የሚያውቃት ልጅ ነው። እሷ ምን ያስቃታል ብሎ ነው የጀመረው። የእኛ ሠሪ ልጁን ወይም የእህቱን ልጅ አጠገቡ አስቀምጦ ይጀምር። ቡና ሲፈላ የሚቆላውን ሽታ የሚያውቅ፣ እንጀራ ሲጋገር ጢሱ ዓይኑን የሚያቃጥለው፣ ገና ሲመጣ ዶሮ የሚያባርር ልጅ ይሣል። መልኩም የእኛን ልጆች መልክ ይሁን። ፍጥነቱንም ዝግ ያድርገው፤ በየሁለት ሰከንዱ ምስል መቀያየር ልጅን ያፈዘዋል እንጂ አያጫውተውም። በየመሀሉ ደግሞ ለወላጁ ቦታ ይተውለት። "እናትህ ምን ትልሃለች?" ብሎ ዝም ይበል። ዝምታው ውስጥ እናት ትግባ።

ወላጅ ደግሞ ስልኩን ሙሉ በሙሉ መጣል የማይችልበት ቤት ብዙ ነው፤ አውቃለሁ። ልጅ ታቅፎ ሽንኩርት መቁላት ቀልድ አይደለም፣ ብቻን ማሳደግ ደግሞ የባሰ ነው። ከተከፈተ በዩቲዩብ ኪድስ በኩል ይከፈት። ይህ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ያለ የልጆች መተግበሪያ ነው። ወላጅ ራሱ የመረጣቸውን ቪዲዮዎች ብቻ እንዲያሳይ ማድረግ ይቻላል፤ ሰዓት መሙያም አለው፣ ሲደርስ ራሱ ይዘጋል። በራሱ ቀጣዩን የሚያመጣውን ማጥፋትም ይቻላል። ማጥፊያው ማስተካከያው ውስጥ ነው፤ አንድ ጊዜ ገብቶ ማስተካከል በቂ ነው። የምግብ ሰዓት ላይ ግን ስልኩ ሌላ ክፍል ይቀመጥ፤ በዚህች ላይ አልደራደርም። ልጁ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ያለቅሳል፣ ሳህን ይገፋል። ወደ መስኮቱ ወስዳችሁ የሚያልፈውን ውሻ፣ ሚኒባሱን፣ ሰማዩን አሳዩትና አጉርሱት።